ላፕቶፑን ማሟሸት

ልጅ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ደረሳት ሲባል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ላፕቶፕ ነው። እኛም እንደዚያው አደረግን። አምና እቁብ ሲወጣልኝ ለሶፋ የታሰበው ገንዘብ ወደ ላፕቶፕ ዞረ፤ ያገለገለ ግን በደንብ የተያዘ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ማስቀመጫ ያለው። አባቷ «እንግዲህ የቀረው የአንቺ ጭንቅላት ነው» ብሎ መርቆ ሸኛት።

አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ከገበያ በመጣበት ቀን እንጀራ አያወጣም። ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተበጣጥሰው ይነሳሉ። ሳይሟሽ ሊጥ ያፈሰሰ ሰው ሊጡን በቢላ ሲፍቅ ይውላል። ላፕቶፕም ለፕሮግራሚንግ ሲሆን ማሟሸት አለው። ይህን ሥራ ግን ማንም ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። በኮርስ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ፈተና አይወጣበትም፣ ቤት ውስጥም «ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ዋለች» ከመባል ያለፈ ስም የለውም።

ዘንድሮ ለሴሚስተር እረፍት የመጣችው የሁለተኛ ዓመት ልጄ ሻንጣዋን ሳትፈታ «እማ፣ ዲፓርትመንት ልቀይር ነው» አለችኝ።

«ወደ ምን?»

«ወደ ማኔጅመንት። ይሄ አይገባኝም።»

ይህች ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ የምታስጠና ነበረች። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብዬ ቆየሁና «እስኪ የማይገባሽን አሳዪኝ» አልኳት። ላፕቶፑን ከፍታ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አመጣች። «ፓይተን» ብላ ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ፓይተን አልተገኘም፣ ከማይክሮሶፍት መደብር ጫኚ የሚል መልስ ሰጣት። «የጫንኩት እኮ ነው!» አለችና ፋይሉን አሳየችኝ። እውነትም ተጭኗል። ጃቫ ደግሞ ራሱ አለ፣ የጻፈችውን ኮድ የሚያጠናቅረው ክፍል ግን የለም። ለሲ ፕላስ ፕላስ ያዘዘችውን ደግሞ ጭራሽ አላውቀውም አላት። «ላብ ውስጥ ሁሉም ይሠራል። የቤት ሥራውን የምሠራው ግን በእኔ ላፕቶፕ ነው። ሌሎቹ ሠርተው ይመጣሉ፣ እኔ እዚህ ጋ ቁጭ።»

እኔ 18 ዓመት በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ኮድ ጽፌ አላውቅም። ያ መልስ ስለ ልጄ ጭንቅላት ምንም እንደማይናገር ለማየት ግን ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። አዲስ ሠራተኛ ወንበርና ደረሰኝ ሳይሰጠው ሥራው አልገባውም ቢባል ማን ይቀበላል?

የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጻፍን። ጃቫ ለፕሮጀክቷ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ለዳታ ስትራክቸር፣ ፓይተን ለስታቲስቲክስ ኮርስ፣ በዚያ ላይ የሲስተም ንድፍ የሚሳልበት የሞዴሊንግ መሣሪያ። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ቋንቋ! ሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ለሚሠራው ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ፍላሽና ረጅም ትዕግሥት ይዞ መጣ።

ወጣቶቹ በፍጥነት የሚያወሩትን ለእኔ በሚገባ ቋንቋ እንዲነግሩኝ ስለጠየቅሁ፣ እንደሰማሁት ላካፍላችሁ። ኮምፒውተር በመጨረሻ የሚገባው የራሱን የማሽን ቋንቋ ብቻ ነው። ልዩነቱ ትርጉሙ መቼ ይደረጋል የሚለው ላይ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ተተርጉሞ ካላለቀ አይነበብም ባይ ነው። ተርጓሚው ኮምፓይለር ይባላል፤ ዊንዶውስ ላይ አብሮ ስለማይመጣ ለብቻው ይጫናል። ፓይተን ከአስተርጓሚ ጋር የሚዞር እንግዳ ይመስላል፤ እየተናገረ ይተረጎምለታል። ጃቫ መሃል ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ አንድ መካከለኛ ቋንቋ ይመለሳል፣ ከዚያ በየኮምፒውተሩ ያለ የራሱ አንባቢ ያስኬደዋል። ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው «አንዴ ጻፍ፣ የትም አስኪድ» እያለ ያስተዋወቀው ለዚህ ነው። ታዲያ ጃቫ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ የተሠራ ፕሮግራም ለማስኬድ ብቻ፣ ሌላው ለመጻፍ ጭምር። የልጄ ላፕቶፕ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ነው። ለሚያነብ እንጂ ለሚጽፍ አይሆንም።

የፓይተኑ እንቆቅልሽ ደግሞ የአድራሻ ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ስም ሲጠራ የት የት እንደሚፈልግ የሚነግረው ዝርዝር አለ፤ ፓዝ ይሉታል። የኮንዶሚኒየማችንን የጥበቃ ደብተር አስቡት። ሰውዬው 304 ቁጥር ውስጥ ሻይ እየጠጣ ቢሆንም ስሙ ደብተሩ ላይ ከሌለ ጥበቃው «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ እንግዳን ይመልሳል። ፓይተን ሲጫን በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ወደ ፓዝ ጨምር የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እንደ አመጣጧ ምልክት አልተደረገባትም፣ ማንም አያያትም። ምልክት አድርገን እንደገና ጫንነው። ልጄ ጻፈች። አሁንም አልተገኘም!

«መስኮቱን ዝጊና ክፈቺው» አላት የአክስቷ ልጅ። ጥቁሩ መስኮት ዝርዝሩን የሚያነበው ሲከፈት ብቻ ነው ለካ። ዘግታ ከፈተች፣ የፓይተን ቁጥር ብቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የእሱ ደንብ አንድ በአንድ መጫን፣ እያንዳንዱን ሳይፈትሹ ወደ ሌላው አለመሄድ ነው። እኔ የጨመርኩት ደብተር ነው። ቀን፣ የተጫነው፣ ስሪቱ፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ ሲፈተሽ የሰጠው መልስ፤ አምስት ዓምድ አሰመርኩ። ሁለቱ መጀመሪያ ሳቁብኝ። ማታ ላይ ኮምፒውተሩ ሁለት ጃቫ ውስጡ ተቀምጦ አሮጌውን ሲጠራ፣ የትኛው የት እንደሆነ የተናገረው ደብተሩ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ አይናቅ።

ስለ ስሪት አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጅ የሚያስለቅስ ነውና። ልጄ የምታጠናበት ፒዲኤፍ ላይ ያለው የመጀመሪያ ምሳሌ፣ አንዲት መስመር የምታክል፣ እንደ ተጻፈ ሲገለበጥ ስህተት ይላል። ምሳሌው የተጻፈው በፓይተን 2 ነው። የእሷ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓይተን 3 ደግሞ ያቺን ትእዛዝ ያለ ቅንፍ አይቀበልም። ፓይተን 2 ከጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ፒዲኤፉ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የአስተማሪን ወረቀት ገልብጣ ስህተት የተባለች ልጅ ወረቀቱን አትጠረጥርም። ራሷን ነው የምትጠረጥር።

ኢንተርኔቱና መብራቱ የታወቀ ነው፣ ብዙ አልልም። የጃቫው ወደ 200 ሜጋባይት ይጠጋል፣ የኤዲተሩ 100 ገደማ፣ የፓይተኑ ከሁሉም ይቀላል። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ከነጓዙ ሲዘረጋ ግን ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። እሱን ሌሊት አወርደዋለሁ ብለን መብራት ሄደና ግማሽ ላይ ቀረ። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ከቢሮው በፍላሽ አመጣው። ከዚህ የተማርነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚጫኑትን ሙሉ ፋይሎች መርጦ በፍላሽ ማስቀመጥ ነው። የፓይተን ተጨማሪ ጥቅሎችም ቢሆኑ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ወርደው፣ በኋላ ከፍላሹ ላይ መጫን ይችላሉ። አባቷ የፓኬጁን ሒሳብ ሲሰማ «ማኔጅመንት ዳታ አይበላም ነበር» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ላፕቶፑ ሲገዛ የሱቁ ልጅ የተጠቃሚውን ስም በአማርኛ ጽፎልን ነበር፤ ለእኛ ክብር መስሎት ነው። በዚህ ምክንያት የልጄ ማህደር ሁሉ በአማርኛ ስም ስር ተቀመጠ። የሲ ፕላስ ፕላሱ ጓዝ ግን የሚቀመጥበት አድራሻ ላይ ከላቲን ፊደል ውጭ ያለ ፊደልና ክፍት ቦታ እንዳይኖር አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ከእሷ ስም ውጭ፣ በዲስኩ ሥር ላይ፣ በላቲን ፊደል አጭር ስም ያለው ማህደር ፈጥረን ሥራውን ሁሉ ወደዚያ አዞርን። በገዛ ስሟ ስር ብትሠራ የሚሰናከል መሣሪያ፣ በባዕድ ስም ስር ሲሆን ሰተት ብሎ ሄደ።

የእህቴ ልጅ ፊቴን አይቶ ይሁን እንጃ፣ «ይህንንም እዪ አክስቴ» ብሎ ፓይተን ላይ «ዋጋ» የሚል ቃል በፊደላችን ጻፈ፣ እኩል ይሆናል 50 አለ፣ ከዚያ «ዋጋ» ሲባዛ በ 2 ብሎ አዘዘ። 100 አለ ኮምፒውተሩ። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስላለ፣ ፓይተን 3 የአማርኛ ቃልን እንደ ስም ይቀበላል። ልጄ በሁለት ዓመት ትምህርቷ ይህን የነገራት አልነበረም። ያን ማታ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ስም በአማርኛ እየጻፈች ዕድሜያችንን ደመረች። ታናሽ ወንድሟ የአያቱ ዕድሜ ተቀንሷል ብሎ ተከራከረ።

ከተማርኩት ሁሉ እናቶች ወዲያው የሚገባቸው የፓይተን ማህደር አከፋፈል ነው። ሁለት ፕሮጀክት የአንድን ጥቅል ሁለት የተለያየ ስሪት ሊፈልግ ይችላል፤ አንዱን ስታድሺ ሌላው ይፈርሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ የተከለለ ቦታ ይሠራለታል። የጾምና የፍስክ ድስት የምትለይ ሴት ይህን ለመረዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም። ባያስፈልግ ያ ማህደር ብቻ ይጠፋል፣ ሌላው ቤት አይነካም።

ኤዲተሩ ላይ ቶሎ ተስማማን። ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪኤስ ኮድ ነፃ ነው፣ ሦስቱንም ቋንቋ በተቀጥላ ያስተናግዳል። ልጄ ግን እሱን ስትጭን ሁሉም ነገር አብሮ የመጣ መስሏት ነበር። ለነገሩ ማን ነግሯት! ኤዲተር ደብተርና እስክሪብቶ ነው፣ ተርጓሚው ሌላ ነው።

ከዚያ የሞዴሊንጉ ተራ ደረሰ፤ እኔም ተመልካችነቴ አበቃ።

የፕሮጀክቷ ርዕስ የእድር አስተዳደር ሲስተም ነው። ከኮዱ በፊት ንድፉን በዩኤምኤል ማቅረብ አለባት። ዩኤምኤል ማለት ግሬዲ ቡች፣ ጄምስ ራምቦ እና ኢቫር ጃኮብሰን የሚባሉ ሦስት ባለሙያዎች የየራሳቸውን የአሳሳል ዘዴ አዋህደው የፈጠሩት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ ሆኖ የጸደቀ የንድፍ ቋንቋ ነው፤ ሳጥንና መስመር፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ቁጥር። እኔ ደግሞ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ 11 ዓመቴ ነው። ወረቀት ዘርግተን ተቀመጥን።

«አባል ማለት ሰው ነው ወይስ ቤት?» አለችኝ።

«ሰው ነዋ።»

«ሰውዬው ሲሞት አባልነቱ ይቀራል?»

«አይቀርም። ባለቤቱ ትቀጥላለች።»

«እንግዲያው አባሉ ቤቱ ነው።»

«ቆይ፣ ቢፋቱስ? አምና ሁለት የተፋቱ ሰዎች ሁለቱም አንለቅም ብለው ስንት ወር አከራከሩን።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ «ሰው» እና «ቤተሰብ» በሚሉት ሁለት ሳጥኖች መሃል ሦስተኛ ሳጥን ሳለች፤ «አባልነት»። የተጀመረበት ቀን፣ ያበቃበት ቀን፣ በማን ስም እንዳለ። አንድ ሰው በጊዜ ብዛት ከአንድ በላይ አባልነት ሊኖረው ይችላል፤ ከመስመሩ ጫፍ ኮከብ አደረገች። በእኛ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይህ ሳጥን የለም። የጠቡ ሁሉ ምንጭ የእሱ አለመኖር እንደሆነ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበራትም። ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል፣ ግን ከአገር ውጭ ያለስ? የባል እናት ስትሞት የሚከፈለው ከሚስት እናት ጋር እኩል ነው? ድንኳኑን ማን ይፈርምበታል፣ ዳኛው ወይስ ጸሐፊው? አንዳንዱን መለስኩ፣ አንዳንዱን «እሁድ እጠይቃለሁ» አልኩ። «አይገባኝም» ስትል የነበረችው ልጅ እኔን አላፈናፍን አለች።

ሥዕሉን መጀመሪያ ድሮው ዶት አይኦ በሚባል ነፃ መሣሪያ በእጅ እየጎተተች ሣለችው፤ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አንድ ሳጥን በጨመረች ቁጥር ግን ሌሎቹን ሁሉ ማንቀሳቀስ መጣ። የአክስቷ ልጅ በስልክ ፕላንት ዩኤምኤልን ጠቆማት። በእሱ ሥዕሉ አይሣልም፣ ይጻፋል፤ «ቤተሰብ ብዙ አባልነት አለው» የሚል ዓይነት መስመር ስትጽፊ ሳጥኖቹን ራሱ ያሰልፋቸዋል። የሚሠራው በጃቫ ላይ ነው፣ ጃቫው ደግሞ በደብተራችን 2ኛ ተራ ላይ ተፈትሾ ተመዝግቧል። ለዚህ ሥዕል ግራፍቪዝ የሚባል አንድ ትንሽ አጋዥ ብቻ ጨመርን። ጽሑፍ ስለሆነ ፋይሉ ኢምንት ነው፣ በስልክ ዳታ ይላካል፣ ትናንትና ዛሬ ምን እንደተለወጠም በጊት መስመር በመስመር ይታያል። እኔን ብትጠይቁኝ ለተማሪ ከውዶቹ የንድፍ ሶፍትዌሮች ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። እርግጥ ውበቱ ላይ ትንሽ ይቀረዋል።

በአራተኛው ቀን ማታ በሦስቱም ቋንቋ ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሄዱ። በሦስቱም ስክሪኑ ላይ የወጣው የእድሩ ስም ነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ታየ፤ ፊደሉ እዚያ መስኮት ላይ ስለሌለ ነው እንጂ ኤዲተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ደብተሩ ላይ እንደዚያው ብዬ መዘገብኩት።

በእነዚያ ቀናት ስናወራ አንድ ነገር ነገረችኝ። የእሷ ክፍል ወንዶች ይህን ጣጣ የሚጨርሱት ማታ ዶርም ውስጥ ነው። ከፍ ያሉ ተማሪዎች ፋይሎቹን በሃርድ ዲስክ ይዘዋል፣ አንዱ ለሌላው ይጭንለታል፣ ሲበላሽ አጠገቡ ያለ ያስተካክልለታል። በሴቶቹ ዶርም፣ በእሷ ፎቅ፣ ሶፍትዌር የሚማሩት አራት ናቸው፤ አራቱም ሁለተኛ ዓመት። ማንን ይጠይቁ? ላብ ሲዘጋ እርዳታውም ይዘጋል። አስተማሪው «ጫኑና ኑ» ብሎ ሲያልፍ ለግማሹ ክፍል ያለፈ ነገር ነው፣ ለእነሱ ግን ግድግዳ።

«አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው ፕሮግራም በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ቤት ስለ ኮዲንግ እንደሚያወራ ታያላችሁ። ደስ ይለኛል። የልጆቻችን ኮርስና ሰርተፊኬት ሲቆጠር ግን ያቺ ጥቁር መስኮት የምትበላው ሦስትና አራት ቀን አትቆጠርም። እኛ ቤት ያ ጊዜ የተገኘው የምግብ ጠረጴዛው ለአራት ቀን ስለተለቀቀላት፣ ታናሽ ወንድሟ ከጌሙ ስለተከለከለ፣ የሚደወልለት ዘመድም ስለነበረን ነው። ዘመድ የሌላትን ልጅ ደጋግሜ አስባለሁ።

ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። «ማኔጅመንቱስ?» አልኳት፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ እያስገባች «እስኪ መጀመሪያ ይሄን ፕሮጀክት ላስረክብ» አለች። አስረክባለች። እድራችንም «አባልነት» የምትለዋን ሳጥን በደንቡ ማሻሻያ ላይ ይዟል፤ ዳኛችን ጋሼ ሥዕሉን አገላብጠው አይተው «ይህቺ ኮከብ ምንድን ናት?» ብለው አስረድቻቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውላ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላኪልኝ አለችኝ። የመጀመሪያው የት ሄደ ብላት፣ ከአራቱም ክፍል ዞሮ አሁን ሦስተኛ ፎቅ፣ አንደኛ ዓመቶቹ ጋ ነው።